ልጅ ያቦካው ጭቃ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሊጥ ይመስላል እንጂ ተናጋሪው የሚያስበው ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ለጋ እጅ የነካው ሥራ፣ ያልበሰለ ራስ ያፈለቀው ሐሳብ ከቁም ነገር አይጣፍም ለማለት ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለዚያው ስለማይበቃው ቡኮ ነው። በፎገራ ሜዳ ልጆች ከዋልካ ጭቃ፣ ከአገዳ፣ ከገል፣ ከጣሳ፣ ከቆርኪና ከአሮጌ ካልሲ እየሠሩ ሲጫወቱባቸው ስለኖሩ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ስለሚያጥባቸው፣ በመዝገብ ስላልሰፈሩ መጫወቻዎች።

ታሪክ ጸሐፊ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሚያማትርባቸው አቅጣጫዎች የታወቁ ናቸው። ከወረታ ወደ ሰሜን ሲል እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ ያገኛል፤ ወደ ምሥራቅ ዳገቱን ሲወጣ ደብረ ታቦርንና ጋፋትን፤ ወደ ምዕራብ ጣናን ከነገዳማቱ። መካከል ላይ የተዘረጋው ሜዳ ለእርሱ ማለፊያ ነው። አልፈርድበትም። ንጉሥ ድንጋይ አስጠርቦ በኖራ አጣብቆ ይሄዳል፤ የፎገራ እረኛ ግን የጠፈጠፈውን ጭቃ ከሜዳው ላይ ትቶ፣ ሲመሽ ከብቱን እየነዳ ወደ ቤቱ ይገባል። ታሪክ የሚጻፈው ከተረፈ ነገር ነው፤ ልጅ የሠራው ደግሞ አይተርፍም።

ቢሆንም አንድ መንገድ አለ። ልጅ ለመጫወቻው የሚሆን ዕቃ አይገዛም፤ ቤቱ የጣለውን ያነሣል። ቤት የሚጥለው ደግሞ የኖረበትን ነው። ስለዚህ መጫወቻው ቢጠፋም መጫወቻው የተሠራበትን ነገር ብንጠይቀው፣ በዚያ ዘመን በዚያ ሜዳ ምን ይበላ፣ ምን ይለበስ፣ በመንገዱስ ማን ያልፍ እንደ ነበር ይነግረናል።

እንግዲህ ከጭቃው እንጀምር።

ፎገራን ፎገራ ያደረገው ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ለዘመናት ያመጡት ደለል ነው። ዋልካው በበጋ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፤ በክረምት ደግሞ የረገጠውን ጫማ አይመልስም። ለመንገደኛ መከራ ነው፤ ለልጅ ግን ከእርሱ የሚስማማ አፈር የለም፤ እንደ ሊጥ ይሳባል፣ የጣቱን አሻራ ሳይቀር ይይዛል። የጭቃ ከብት ወቅቱ ክረምቱ ወጥቶ፣ ውኃው ሸሽቶ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው። እረኞቹ ከወንዝ ዳር ወይም ከቦይ ውስጥ ጥቁሩን ጭቃ ይዝቃሉ፤ ጠጠሩን ይለቅማሉ፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ የጤፍ ጭድ ጨምረው በተረከዛቸው ይረግጡታል። ይህን የሚማሩት ቤት ሲመረግ አይተው ነው። ጭድ ያልገባበት በሬ ሲደርቅ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣም እንዲሁ፤ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን ሊሰነብት ይገባዋል። እግሮቹ አጠር ወፈር ይደረጋሉ፣ ቀጭን እግር ገላውን አይሸከምምና። ሻኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከትከሻው ላይ ተቆንጥጦ ይወጣል። ቀንዱ የግራር እሾህ ነው፤ ጭቃው ሳይደርቅ ይሰካል።

እሾሁ ላይ ጥቂት እንቆይ። የፎገራ ከብት በአገራችን ስሙ የተጠራ ዝርያ ነው። ቀንዱ አጭርና ሾል ያለ፣ ገላው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡሬ፣ ጠባዩ ገራም፣ ላሟም ወተተ ብዙ። ስለዚህ የፎገራ እረኛ እሾሁን ሙሉውን አይሰካውም፤ ሰብሮ ጫፉን ብቻ ነው። ነጩን መልክ ለማውጣት ደግሞ ገላው እርጥብ ሳለ ግማሽ ጎኑን አመድ ላይ ያንከባልለዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ረጅም እሾህ የሰካ ልጅ «ይህ ደግሞ የማን አገር ከብት ነው?» ተብሎ ይሳቅበት ነበር። ባለሙያዎች በወረቀት ላይ የሚዘረዝሩትን የዝርያ መልክ እረኛው በአመድና በእሾህ ይጽፈው ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ መካከል ይህን ዕውቀት ነው ብሎ የጠራው አልነበረም።

ሴቶቹ ልጆች ያላቸው ዓለም ሌላ ነው። «ዕቃ ዕቃ» የተሰበረ ነገር ሁሉ ዳግም ተወልዶ የሚኖርባት መንደር ናት። የእንስራ ገል ሰሐን ይሆናል፤ አንገቷ የተሰበረ ጀበና ጎኗን ተደግፋ ዳግም ቡና ታፈላለች፤ የተሰበረ እንዝርት ለትንሹ ወንድም ይሰጠውና መሬት ላይ ሲሽከረከር ይውላል። አሻንጉሊቷ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ናት። ልብሷ ከእናት አሮጌ ቀሚስ ይቀደዳል፤ መቀነቷ ከጥለት ቁራጭ ነው። ጸጉሯ ግን ከእሸቱ በቆሎ የሚወሰድ ስለሆነ የአሻንጉሊት ሹሩባ የሚሠራበት ወራት አጭር ነው። በቆሎው ሲደርቅ ጸጉሩም ይሰባበራልና አሻንጉሊቷ እስከሚመጣው እሸት ሻሽ ታስራለች።

ይህ ሥራ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ከአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ በተደረገው ቁፋሮ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረው ዘመን የበሬና የሌሎች እንስሳት ምስል ከሸክላ ተሠርቶ ተገኝቷል። ሊቃውንቱ ከአምልኮ ሥርዓት ጋር ያያይዙታል። ይሆናል። ነገር ግን ከጭቃ የተሠራ በሬ ባየን ቁጥር መሠዊያ የምንፈልገው፣ በዚያ ዘመን ልጆች ያልነበሩ ይመስል፣ ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ ቀድሞ በሰፊው የጻፈው ሰው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ነው። በ1921 ዓ.ም. ገደማ ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ በኋላም ከዳካር እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ያቋረጠውን የጥናት ቡድን እየመራ በ1924 ክረምት ጎንደር ገብቶ ለወራት ሰነበተ። የሐበሾችን ጨዋታና መዝናኛ የሚመለከተው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ታተመ። ያ ቡድን በአገራችን የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው፤ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አውርዶ በምትካቸው ቅጂ አስቀምጦ ወደ ፓሪስ ወስዷልና። ቁጭቱ የሚገባ ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ቅዱሳኑን ከግድግዳ ሲያወርድ፣ በዚያው እጁ ልጅ መሬት ላይ የሚጫወትበትን ነገር ስም እየጠየቀ መመዝገቡ ነው። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1931 ለዕቃ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ ነበር። መመሪያው አንድን ሕዝብ ለማወቅ ከከበረ ጌጥ ይልቅ ተራ ነገር እንደሚበልጥ ይመክራል፤ ምሳሌውንም ከራሱ ከአውሮፓ ይወስዳል። የምግብ ቆርቆሮ ስለ እኛ ስለ አውሮፓውያን ከዕንቁ የበለጠ ይናገራል ነው ነገሩ።

ያን ጊዜ በፎገራ ሜዳ የምግብ ቆርቆሮ ብርቅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን መጣ።

ስለ ቆርቆሮው ከማውራቴ በፊት ስለ መንኰራኵር ጥቂት ልበል፤ ሁለቱ አብረው የገቡ ናቸውና። ያገራችን ደጋ ሰው በእግር፣ በበቅሎና በአህያ የሚኖር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጨረሻ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል በጋሪ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ፣ ድንጋዩን እያስነሡ ነበር የሄዱት፤ መንኰራኵር የሚሄድበት መንገድ አልነበረምና። ስለዚህ የቀድሞው የፎገራ ልጅ በሬ፣ ላም፣ ፈረስ፣ ታንኳ ሠራ እንጂ የሚሽከረከር ጋሪ ለመሥራት ያየው ነገር አልነበረም። በዓለም ላይ ግን የተገላቢጦሽ የሆነበት አገር አለ። በሜክሲኮ በቬራክሩዝ አካባቢ፣ ስፔናውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ አራት ጎማ ያላቸው ትንንሽ የሸክላ እንስሳት ይሠሩ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ጭነቱን የሚያመላልሰው በጀርባው ነበር። እዚያ መንኰራኵር ከጭነት ሥራ ሳይገባ በትንንሾቹ የሸክላ እንስሳት ላይ ቀረ። ወደ እኛ ደግሞ ከጦር ጋር መጣና ልጆች መጫወቻ አደረጉት።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር የጭነት መኪኖቹን እየነዳ ጎንደር ገባ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የጣናን ዳር ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። አምስት ዓመት ተቀምጦ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ከወረታ በስተሰሜን በምትገኘው በቁልቋል በር፣ ቀጥሎም በጎንደር ድል ሆነ። የተወው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማኝ ግን ቃሉ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ። ካልሲም የጣሊያን ነው። እነዚህ ቃላት መዝገበ ቃላት ሳይጠብቁ ወደ አማርኛ የገቡት በሾፌሩ፣ በረዳቱና፣ እኔ እንደማምነው፣ በመንገድ ዳር በቆመው ልጅ አፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች፣ አባቶቻቸው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ሽቦና የሥጋ ቆርቆሮ እየለቀሙ መኪና ይሠሩ እንደ ነበር ያወሩ ነበር። የመጀመሪያው የፎገራ ቆርቆሮ መኪና በማን እጅ እንደ ተሠራ የሚነግረን የለም። ግን አንድ ልጅ፣ ሠፈሩን ሊወርር የመጣውን ብረት አይቶ፣ በማግሥቱ በገመድ እያሰረ እንደ ጥጃ ጎተተው። ለዚህ ልጅ ሐውልት ይገባው ነበር።

አሠራሩ እስከ እኔ ዘመን ድረስ ብዙ አልተለወጠም። ጣሳው በድንጋይ ላይ በቢላዋ ጀርባ እየተመታ ይዘረጋል፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የፊቱ መስኮት በምስማር ይበሳል። ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ነጠላ ጫማ ከሌለ ቆርኪ። የጎማዎቹ ዘንግ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። ከፊት ጎማዎቹ ረጅም አገዳ ይነሣና ጫፉ ላይ የሽቦ መሪ ይታሰርበታል፤ ልጁ ቆሞ እየሮጠ ይነዳል። ጭነቱ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። ከባትሪ ድንጋዩ ውስጥ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ደግሞ ታርጋ ይጻፍበታል። ቁጥሩን ማንም እንደ ፈለገ አይጽፍም ነበር፤ በመንገዱ ላይ ያየውን ታርጋ አስታውሶ የጻፈ ልጅ ነበር የሚከበረው። ብዙዎቻችን ቁጥር የለየነው ከመምህር ሳይሆን ከጭነት መኪና ጀርባ ነው።

ወረታ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ርዳታ፣ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በደርግ ዘመን ተሠራ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው መኪናና ወደ ወሎ የሚገነጠለው መኪና የሚለያዩት እዚችው መገንጠያ ላይ ነው። ስለዚህ የወረታ ልጅ በአይሱዙና በተሳቢ፣ በአውቶቡስና በሚኒባስ መካከል ያለውን ልዩነት በቆርቆሮ ይገልጸው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የዘይቱ ጣሳ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በእብናት ታላቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበር። ሁለት እጆች የተጨባበጡበት ምልክት ያለው የአሜሪካ የርዳታ ዘይት ጣሳ ከዚያ ዘመን ወዲህ በየቤቱ የማይታጣ ዕቃ ሆነ፤ እናቶች ውኃ ቀዱበት፣ እህል ሰፈሩበት፣ ሲቀደድ ደግሞ ለልጅ ተሰጠ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የታዳጊነት ዕድሜ ላይ ነበርሁ። ሰዉ በተጠለለበት ግቢ ትልልቆቹ የሄደ ከብታቸውን እየቆጠሩ ሲተክዙ፣ ልጆቹ በመጀመሪያው የዘይት ዕደላ ማግሥት ጣሳ ሲያጥፉ አየሁ። በመኪናው ጎን ላይ ሁለቱ የተጨባበጡ እጆች ጎልተው ይታዩ ነበር። ያን መኪና ዛሬ የሚያሳየኝ ቤተ መዘክር ቢኖር፣ ስለዚያ ክረምት ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ እርሱን አምን ነበር።

ጣሳው ዛሬ ቦታውን ለፕላስቲክ ለቅቋል። በውኃ ፋብሪካ ስም «ሃይላንድ» የምንለው ጠርሙስ በየመንገዱ ዳር ይገኛል፤ ልጆች ከሚያልፍ መኪና ላይ ስሙን እየጠሩ የሚለምኑትም እርሱን ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ በተበሳለት ጊዜ መኪና ሊሆን ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ጎማዎቹ የራሱና የወንድሞቹ ክዳን ናቸው። የቡሄ ጅራፍም እንዲሁ ተለውጧል። በፊት ከቃጫ ወይም ከልጥ ይገመድ ነበር፤ አሁን ብዙውን ጊዜ ክሩ የሚመዘዘው ከማዳበሪያ ነው። አንባቢ ያውቃል፤ እኛ «ማዳበሪያ» ብለን ስንጠራ ኬሻውን ማለታችን ነው፣ ውስጡ የነበረው ከተረሳ ቆይቷል። የማዳበሪያ ጅራፍ ድምፁ ስል ነው፤ እኔ የቃጫውን ጎርናና ድምፅ እመርጣለሁ። ይህ የእርጅና መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሜዳውን ጨዋታ የለወጠው ሩዝ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት ላይ አስሞከሩት፤ በስፋት የተዘራው «ኤክስ-ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ሩዝ ለፎገራ ገበሬ በረከት ነው፤ ውኃ ተኝቶበት ከሣር በቀር የማያበቅለው መሬት ገንዘብ ሆነለት፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራለት፣ ልጁን አስተማረለት። ይህን የምለው ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጬ የሩዝ ገንዘብ ስቆጥር ስለምውል ብቻ አይደለም። ነገር ግን ያ ውኃ የሚተኛበት መሬት የከብቱ ግጦሽ ነበር። ግጦሹ ጠበበ፣ መንጋው አነሰ፣ ንጹሑ የፎገራ ዝርያም እየተዳቀለና እየጠፋ መጣ፤ ዛሬ ዝርያውን ለማቆየት የሚደክሙት እንደ አንዳሳ ያሉ የምርምር ማዕከላት ናቸው። ግጦሽ ሲጠብ እረኛ ይቀንሳል። እረኛ ሲቀንስ፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ የአምስት ዓመቱን «ጭድ ጨምርበት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው» የሚልበት ረጅም ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ጭቃው አሁንም በእግራችን ሥር ነው፤ የሳሳው ያ ከሰዓት በኋላ ነው።

ለዚህ ክፍተት መድኃኒት ያዘዘው ትምህርት ቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርትና እንክብካቤ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ «ኦ» ክፍል የሚባለው በገጠርም ተስፋፍቷል። መምህራኑም ከወዳደቁ ነገሮች መርጃ መሣሪያ እንዲያዘጋጁ ይመከራሉ፤ ቆርኪ ለቁጥር፣ ካርቶን ለፊደል፣ የጨርቅ ኳስ ለሰውነት ማጎልመሻ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሕንዳዊው መሐንዲስ አርቪንድ ጉፕታ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከፋብሪካ ሥራው ላይ ለአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ በገጠር የሳይንስ ትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ሲያገለግል፣ ከክብሪት እንጨትና ከብስክሌት ቀጭን የጎማ ቱቦ የቅርጽ መማሪያ ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ከቆሻሻ መጫወቻ በመሥራት አሳለፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥቱ ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው። የእርሱ ሙያ ግን ልጁ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ አፍርሶ የሚያየው መጫወቻ ነው። እኔ ባየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ግን የጠርሙስ መኪናዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው በቀይ እስክሪፕቶ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል። የጎንደር ቅዱሳን ከግድግዳ ሲወርዱ መኪኖቹ በእነርሱ ምትክ ወጡ ማለት ነው።

እኔ ቤቴ ውስጥ የምሞክረው ሌላ ነው። የደረሰኝ ማተሚያው ወረቀት ሲያልቅ መካከሏ ላይ የምትቀር ትንሽ የቱቦ እንብርት አለች፤ ወደ ቅርጫት የምትሄደውን እርሷን ኪሴ እየከተትሁ ማምጣት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሴት ልጄና የጎረቤት ልጆች በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። መቀሱን እኔ እይዛለሁ፤ ሌላውን እነርሱ። የሚሠሩት ሁልጊዜ ባጃጅ ነው። ሦስት ጎማ ስለሚበቃው ከመኪና ይቀላል፤ የፊቷ ጎማ ግን መካከል ላይ ካልዋለች ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ያስቸግራል፣ እንደ እውነተኛው። አንድ ጊዜ ላም እንሥራ ብዬ ጭቃ አቀረብሁላቸው። ጥሩ ላም ሠሩ፤ ቀንዷን ግን ረጅም አደረጓት። ለምን ብዬ ስጠይቅ ትልቁ «ጋሼ፣ ላም እኮ ቀንድ አላት» አለኝ። መጽሐፋቸው ላይ ያለችው ላም እንዲያ ናት። እሾሁን ሰብሬ አሳየኋቸው፤ አመዱንም አመጣሁ። አንደኛዋ ልጅ አመዱ ላይ ስታንከባልላት፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉት የጎረቤታችን አሮጊት እናት ቀና ብለው አዩና «ይቺማ የፎገራ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እኔን ትተው ወደ እርሳቸው ዞሩ።

የልጅ እጅ መልካሙን ብቻ አይመዘግብም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ በየሜዳው የዋሉት ልጆች ከአገዳና ከሽቦ የሚሠሩት ክላሽ ነው። አገዳው ተቆርጦ አፈሙዝ፣ የታጠፈ ቆርቆሮ ካዝና፣ የማዳበሪያ ክር ማንገቻ። ጠብመንጃ ለልጅ ጨዋታ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛም የእንጨት ጠመንጃ ነበረን። ልዩነቱ የእኛ ጠመንጃ የማንም አለመሆኑ ነው። የአሁኖቹ ዓይነቱን በስም ይለዩታል፣ ጥይቱ ስንት እንደ ሆነ ይቆጥራሉ፣ ድምፁንም በአፋቸው ሲያወጡ አይሳሳቱም። የታርጋ ቁጥር እንደምናስታውሰው ዓይነት ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ወደ ርብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው የሚገርመኝ አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ጭቃ ሲያለሰልስ አገኘሁት። በሬ መስሎኝ ነበር፤ ስቀርብ ሞባይል ነው። ፊቱን በሲጋራ ወረቀት ብር ለብጦታል፤ ጀርባው ላይ ለካሜራው ሁለት ጉድጓድ በስንደዶ ወግቷል። ጭዱን ማን እንደ ነገረው አላውቅም፣ ጭድ ግን ገብቶበታል። ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም አለ።

«ለማን ነው የምትደውለው?» አልሁት።

«ላባቴ። መተማ ነው፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየውና፣ «ኔትወርክ የለም» አለኝ። መልሶ ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ ገና አልደረቀም ነበር።